አርባ አንደኛው ልክ

ሃምቡርግ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቅጣው

ይህች ወረቀት በጤናና በሰላም ታግኝህ። የእናትህ የአክስቴ ጸሎት፣ የአባቴ ምርቃት ከላይህ አይውረድ። እኔ ብርዱ ከገባ ወዲህ ጉንፋን ቢጫወትብኝም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ።

ይህችን ደብዳቤ ለብቻህ አንብብ። እንደ ሌላው ጊዜ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ቁጭ ብለህ ለአባቴና ለሰበካው ሰው ጮክ ብለህ የምታነባት አይደለችም። የአባቴ ዓይን ከደከመ ወዲህ አንባቢው አንተ ነህ፤ ከምታነበው ውስጥ የቱን እኔ እንደጻፍኩት፣ የቱን አንተ እንደጨመርክበት የሚያውቅ አንድ አምላክ ነው። ባለፈው ዓመት ከአገር የመጣ ሰው «አብራሪዎቹ ትእዛዙ ሳይፈቅድላቸው አይነሡም አሉ» ብሎ እጄን ሊስም ደረሰ። እኔ እንዲህ ብዬ ጽፌ አላውቅም።

እውነቱን ልንገርህ። ለአውሮፕላን ዕቃ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ መሐንዲስ ነኝ፤ ይህ ሐሰት አይደለም። የምሠራው ግን ክንፉን አይደለም፣ ሞተሩንም አይደለም። በአውሮፕላኑ ሽንት ቤት ውስጥ ሰው የሚቀመጥበት ባለ ቀዳዳ መቀመጫ አለ፤ የእሱን ንድፍ ነው የማወጣው። ስምንት ዓመቴ። አባቴ ታቦት ሲሸከሙ ያረጁ ቄስ ናቸው። ምን ብዬ ልንገራቸው?

አሁን ችግር መጣ። ወደ ዓረብ አገር ሠራተኛ በሚያመላልሱ በረራዎች ላይ መቀመጫዎቻችን ተሰንጥቀው ይመለሳሉ። ላያቸው ላይ የጫማ አሻራ አለ። ሰው ይወጣባቸውና ቁጢጥ ይላል። አለቃዬ ጠርቶ «አንተ ከዚያ ወገን ነህ፤ ለምን ይወጣሉ?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት። ዋሸሁ። መጀመሪያ ከአገር የወጣሁ ቀን እኔም ወጥቼበታለሁ፤ አንድ እጄ ጣሪያውን ደግፎ።

«እስከ ሐምሌ መጨረሻ የማይሰነጠቅ አምጣ፤ ካልሆነ ሥራው ለሌላ ይሰጣል፣ ላንተም እዚህ ቦታ የለንም» ብሎኛል። ስለዚህ እርዳኝ። የአርባ ሰው ልክ እፈልጋለሁ፤ ወንድም ሴትም፣ ወጣትም ሽማግሌም። ጫማቸውን አውልቀው ቁጭ ሲሉ ከተረከዝ እስከ ቋንጃ ስንት ነው? ዳሌያቸው ከጎን እስከ ጎን ስንት ነው? ጉልበት የሚያማቸውን ደግሞ ሜዳ ሲወጡ እንዴት እንደሚሆኑ በጨዋ ደንብ ጠይቅ። በጨዋ ደንብ ነው ያልኩህ። ሜትር ወደ አገር ለሚገባ ሰው ሰጥቻለሁ፤ ይደርስሃል።

ለአባቴ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ።

ወንድምህ ትእዛዙ ገብረ ጻድቅ


ሰቆጣ ዙሪያ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለክቡር ወንድሜ፣ ለሰማይ መንገደኛ ሁሉ ማረፊያ ለሆኑት ለጋሼ ትእዛዙ

ከራስ ጠጉርዎ እስከ ቋንጃዎ፣ ከቋንጃዎ እስከ ተረከዝዎ (ጫማዎን አውልቀው) እንደምን ሰንብተዋል? እኛ በእርስዎ ናፍቆት ካልሆነ በቀር ምንም አልጎደለብንም። ስምንተኛ ክፍል ላይ ቢያቆሙኝም እጄ ለጽሕፈት እንዳልቦዘነ ይመልከቱልኝ።

ደብዳቤዎን እንዳዘዙኝ ለብቻዬ አነበብኳት። ሦስት ጊዜ። ከዚያ ገደሉ አፋፍ ሄጄ ለብቻዬ ሳቅሁ፤ የአባትዎ የመምሬ በቅሎ ደንግጣ እስከ ወንዙ ወረደች። ኧረ ጋሼ፣ ምን ዓይነት ሰው ነዎት? እኔ እኮ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ቀና ብዬ «የእኛ ሰው ሥራ» እል ነበር። አሁን ባለፈ ቁጥር ሌላ ነገር ትዝ ይለኛል። ሰማዩን አበላሹብኝ።

ወደ ሥራችን። ሜትሩ አልደረሰም፤ ሰውዬው አዲስ አበባ ላይ መቀነት ሳያደርገው አልቀረም። ስለዚህ በስንዝሬ ለካሁ። ግን ሰዉ አልለካ አለ። እትዬ ሸጌ እግር ሥር ተንበርክኬ ስንዝሬን ብዘረጋ፣ «ምነው፣ ሞቻለሁ እንዴ?» ብለው በምርኩዛቸው ጀርባዬን አቀመሱኝ፤ ቀጥለው በአገውኛ፣ በኽምጣና ሰደቡኝ፣ እሱን ልጻፈው ብል ፊደሉ አይበቃኝም። እንዴ፣ ረስተውት ነው? እኛ ዘንድ ሰው የሚለካው ሣጥን ሊሠራለት ሲሆን ነው። አቶ ደጅይጥኑ እንኳ፣ እኒያ ከሰው ጋር ክርክር የማይወዱት ሰውዬ፣ «አንተ ልጅ፣ እኔ ገና የምሰበስበው ማሽላ አለኝ» ብለው በሩን ዘጉብኝ።

ሲጨንቀኝ ትንሽ ነገር አልኩ። «ኢየሩሳሌም የሚሄድ አውሮፕላን አለ፤ ጋሼ ትእዛዙ ለየሰዉ በልኩ መቀመጫ እየሠራ ነው፤ ያልተለካ አይሳፈርም» አልኩ። ሐሰት አለበት? መቀመጫ ነው፣ በልክ ነው፣ አውሮፕላን ላይ ነው። ኢየሩሳሌሟን ብቻ ነው የጨመርኩ። በማግሥቱ እትዬ ሸጌ እግራቸውን ታጥበው መጡ።

እስካሁን አሥራ ሰባት ሰው ነው። እትዬ ሸጌ፣ ሁለት ስንዝር ከሁለት ጣት። አቶ ደጅይጥኑ፣ ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት፤ ቁጭ ሲሉ ይተነፍሳሉ፣ እሱንም ይመዝግቡ። ወለተጊዮርጊስ፣ እስከ ቋንጃዋ ሁለት ስንዝር ልክ፤ ዳሌዋን ግን ስንዝሬ ጀምሮ አልጨረሰውም፤ ባሏም ቆሞ ያይ ስለነበር ግማሹን በግምት አድርጌዋለሁ። የቀሩት ከጀርባ ባለው ወረቀት አሉ።

ለድካሜ ስፖርት ጫማ ይላኩልኝ፤ ቁጥር አርባ ሁለት፣ ነጭ፣ ጎኑ ላይ መስመር ያለው።

ታናሽዎ ቅጣው፣ የስንዝር መሐንዲስ


ሃምቡርግ፣ የካቲት 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ሰላምታዬ ለአባቴ፣ ለእናትህ፣ ለጎረቤት ሁሉ ይድረስ። ላንተ የለኝም።

ቅጣው! ስንዝር ስንት ነው? የማን ስንዝር? አለቃዬ ፊት ቆሜ «ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት፣ ሲቀመጥም ይተነፍሳል» ልበል? «በግምት» ማለት ምን ማለት ነው? አንዲት ሚሊ ሜትር ብስት አንድ ሺህ መቀመጫ ይጣላል። ደግሞ ከጀርባ ባለው ወረቀት ላይ አምስት ሰዎች አንድ ዓይነት ልክ አላቸው፤ አምስቱም የአባትህ ወንድሞች ናቸው። ቤታቸው ድረስ መሄድ ሰልችቶህ አንዱን ለክተህ አምስት ጊዜ እንደጻፍከው ከዚህ ሆኜ ይታየኛል።

ኢየሩሳሌሟን አሁኑኑ አጥፋ። ሰው በእምነቱ አይቀለድበትም። አሮጊቶቹ እውነት ብለው ቢነሡ የማን ፊት ነው የሚያፍረው? የአባቴ! አንተማ የምታፍርበት ፊት ከየት አምጥተህ?

ሜትሩ አሁን መድረስ አለበት። ሁሉንም እንደገና ለካ፤ በሳንቲም።

ሌላም ነገር አለ። ስለ ወለተጊዮርጊስ ዳሌ ይህን ያህል ስትጽፍ ስለ አባቴ አንድ መስመር የለህም። ጥምቀት እንዴት አለፈ? እንደ ወትሮው ታቦቱን ይዘው ወረዱ? ጻፍልኝ።

ትእዛዙ


ሰቆጣ ዙሪያ፣ ግንቦት 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተቆጡት ግን ለማይጨክኑት ለጋሼ ትእዛዙ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰዎ! ቁጣዎ ደርሶኛል፤ መንገድ ላይ ሳይቀዘቅዝ ነው የደረሰኝ። ፖስታ ቤቱ በር ላይ አንብቤው ተመልሼ ልገባ ነበር፤ «የሌላ ሰው ነው» ልላቸው።

ሜትሩም ደርሷል። አርባው ሰው በሳንቲም ተለክቷል፤ አጎቶቼም ጭምር፣ አምስቱም ቤት በእግሬ ሄጄ። ይኸው ዝርዝሩ። የስንዝሬን ነገርም እንዳይጠራጠሩ እጄን ወረቀት ላይ አስቀምጬ በእስክርቢቶ ዞርኩት፤ ከጀርባ አለ። ይለኩትና ይፈሩ።

ኢየሩሳሌሟን ላጠፋ ሞከርኩ፤ ባሰ። «ቀርቷል» ብላቸው፣ «ለእኛ ነው የቀረው፤ ዘመዶቹን ብቻ ሊወስድ ነው» ብለው አኮረፉኝ። ወለተጊዮርጊስ በሶ አስፈጭታ በስልቻ ጨርሳለች። አቶ ደጅይጥኑ «በመስኮት በኩል አድርገኝ፣ ዮርዳኖስን ሳላይ እንዳያልፍ» ይላሉ። ከዚሁ ከዋጉ ዝቋላ ድረስ አንድ ሽማግሌ ሁለት ቀን በእግር መጥተው ተለክተው ሄዱ። ምን ልበላቸው? የእሳቸውን ቋንጃ ያዩ እንደሆነ ያለቅሳሉ። ከአርባው ውስጥ አስገብቻቸዋለሁ።

አሁን ቁም ነገር። ጉልበት የሚያማቸውን በጨዋ ደንብ ጠየቅሁ። አቶ ደጅይጥኑ ከወይራው ላይ ገመድ አስረዋል፤ ይዘው ይወርዳሉ፣ ይዘው ይነሣሉ። እትዬ ሸጌ ግን ከሁላችንም በልጠዋል። ቂጡ ያለቀ፣ ከወዲያ ወዲህ የሚያሳይ አሮጌ የእንጨት ሙቀጫ አላቸው። ከጓሮ ጉድጓድ አፍ ላይ አቁመውት ይቀመጡበታል። አሥር ዓመታቸው! አንድም ቀን አልተሰነጠቀ።

ለምን ይወጡበታል ላሉት፣ ሠርካለምን ጠየቅኋት፤ ቤሩት ሦስት ዓመት ሠርታ የተመለሰችዋን። «አላወቁም ብላችሁ ነው?» አለችኝ። «አወቅን እንጂ! መቶ ሰው ገላውን ያሳረፈበት ላይ እኔ ገላዬን? ጫማዬ ይንካው። ደግሞ ጠፍጣፋ ነው፣ ሰፊ ነው፣ እንደ ደጃፍ ድንጋይ ነው። እግርሽን አምጪ የሚል ነገር ሠርተው ለምን ወጣሽ ይሉኛል?»

ከዚያ ወደ ሙቀጫው ሄጄ አየሁት። አፉ ክብ ነው፤ ሲወቀጥ ኖሮ ጠርዙ ሟሙቶ እንደ እንቁላል ጀርባ ሆኗል። ሲቀመጡበት ትንሽ ቦታ ብቻ ነው ገላ የሚነካው። ልቁምበት ብዬ ወጣሁ። ጋሼ፣ ጥርሴን ልሰበስብ ነበር። እትዬ ሸጌ እስኪያስላቸው ሳቁ።

መምሬ ደህና ናቸው። ጥምቀትም አለፈ። ብቻ ጾሙን አጥብቀውታል፤ እህል ቀንሰዋል፣ ውኃም ቢሆን እንደ ነገሩ ነው።

ጫማው ይቅርብኝ። በምትኩ ጠንካራ ምርኩዝ ካለ፣ ብብት ሥር የሚገባ ዓይነት፣ እሱን ይላኩልኝ። ለእኔ ነው። ለጨዋታ።

ታናሽዎ ቅጣው


ሃምቡርግ፣ ግንቦት 28 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለቅጣው

እግዚአብሔር ይስጥህ ማለት አለብኝ፤ እያነቀኝም ቢሆን እላለሁ። እዚህ ስድስት መሐንዲሶች ዓመት ሙሉ «ፕላስቲኩን እናወፍረው» ሲሉ ነበር። የሸጌ ሙቀጫ ነገሩን ፈታው። ጠርዙን ጠባብና ክብ አደረግሁት፤ እግር አይይዝም፣ ገላም ብዙ አይነካውም። አለቃዬ «ከየት አመጣኸው?» ሲለኝ «አገር ቤት ያለች አንዲት ባለሙያ» አልኩት። ስሟን ጠይቆ ጽፎ ይዟል።

አሁን ግን መልስልኝ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ብብት ሥር በሚገባ ምርኩዝ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው የሚጫወትበት? ከአምስት ወር በፊት ነጭ ጫማ አልነበር የምትለምነው?

ሁለተኛ። ደብዳቤህን የጻፍከው ግንቦት ሦስት ነው። ፋሲካ ሚያዝያ አሥራ ዘጠኝ ነበር። በበዓለ ሃምሳ የሚጾም ቄስ የት አይተሃል? ረቡዕና ዓርብ እንኳ በሚበላበት ጊዜ! እኔ ልጅ ሆኜ በበዓለ ሃምሳ ጠዋት አልበላም ስል ጆሮዬን ይዘው ገበታ ላይ ያስቀመጡኝ አባቴ ናቸው። «ጥምቀትም አለፈ» ብለህ ዝም አልክ። አንተ መቼ በሁለት ቃል ዝም ብለህ ታውቃለህ?

አባቴ ምን ሆነዋል? ቀልድህን ተወውና ጻፍ። ቶሎ።

ትእዛዙ


ሰቆጣ ዙሪያ፣ ሰኔ 24 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለጋሼ ትእዛዙ

መምሬ በሕይወት አሉ። መጀመሪያ እሱን ይወቁ፤ ሰላምታው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ጥምቀት ዕለት ከወንዙ ሲወጡ ድንጋይ አንሸራተታቸው። ታቦቱን ሌላ ቄስ ተቀበላቸው፤ እሳቸው በቀኝ ጉልበታቸው ወደቁ። ወጌሻ አሸ፣ አሰረ፤ ጉልበቱ ግን ከዚያ ወዲህ አልታጠፍ አለ። ሜዳ ሲወጡ በብብቴ ደግፌ የማቆማቸው እኔ ነኝ። እንዳያፍሩ ዓይኔን ጨፍኜ እዘፍናለሁ። ድምፄን ያውቁታል፤ ቅጣት በቅጣት ሆነባቸው። ሰበካው ሁሉ መስቀላቸውን የሚሳለማቸው ሰው በእኔ በዱርዬው ብብት! «ካልበላሁ አልወጣም» አሉና እህል ቀነሱ። ቀጥለው ውኃ።

«ለትእዛዙ እንዳትጽፍ» ብለው ገዘቱኝ። የቄስ ግዝት እንደ እርስዎ ቁጣ አይደለም፣ ይፈራል። ስለዚህ «ይጾማሉ» ብዬ ጻፍኩ። የቄስ ልጅ ነዎት፣ በዓለ ሃምሳን ይቆጥራሉ ብዬ ነው። ለመቁጠር ግን አልቸኮሉም፣ ጋሼ! እኔ እዚህ ቀን ስቆጥር ነው የከረምኩ።

ሰኔ አሥራ አራት ቅጥረ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ራሳቸውን ሳቱ። አራት ሆነን በቃሬዛ ሰቆጣ አደረስናቸው። ሐኪሙ «ሌላ በሽታ የለባቸውም፤ ሰውየው የጠማቸው ውኃ ነው» አለ። ሁለት ቀን በክንዳቸው ውኃ ገባላቸው። ስንመለስ ያቺ የመጨረሻዋ ደብዳቤዎ ፖስታ ቤት ቆይታናለች። ቤት ገብተን «አንብብ» አሉ። ደብዳቤዋን ወደ ኪሴ መለስኳት። «ግዝቱን ፈትቼልሃለሁ። የደበቅኸውን ሁሉ አምጣና ከመጀመሪያዋ ጀምረህ አንብብ። ሳትጨምር።»

አነበብኩ። ቃልዎን አፍርሻለሁ፤ ሲመጡ ይምቱኝ።

«ሽንት ቤት?» አሉ።

«የአውሮፕላን» አልኩ።

«ስምንት ዓመት?»

«ስምንት።»

«ለማያውቀው መንገደኛ ሁሉ?»

«ለዓለም ሁሉ፣ መምሬ። ለእስላሙም፣ ለክርስቲያኑም፣ ለፈረንጁም።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ ያለቅሳሉ ብዬ መሐረብ ስፈልግ፣ «እኔ እዚህ ባንተ ብብት ተንጠልጥዬ፣ ዘፈንህን እየሰማሁ!» ብለው ጮኹ። እናቴ ከጓዳ ሮጣ ወጣች። ከዚያ እግራቸውን ከአልጋው አወረዱ።

«ሜትሯ የታለች?»

ከዚህ በታች ያለው የእሳቸው ነው። እየተናገሩ ጻፍኩት።

ለልጄ ለትእዛዙ። ያሳደገችህ እመቤት ጥላዋን ትዘርጋብህ፤ በእጅህ የያዝከውን ትባርክልህ፣ ምንም ይሁን ምን። አንተ የደበቅኸኝና እኔ የደበቅሁህ እኩል ነው፤ ስለ እሱ አንከራከርም።

ከተረከዝ እስከ ቋንጃ አርባ አራት ሳንቲም። (ሁለቴ ለካሁ።) ዳሌ ሠላሳ አራት። (አጥንት ብቻ ነው፤ ሲበሉ ይጨምራል፣ ለእሱ ይተዉለት።) ቀኝ እግሬ እንደ ምሰሶ ነው፣ አይታጠፍም፤ እሱን አስበህ ሥራ። የሸጌን ሙቀጫ አምጥተውልኝ ነበር፣ ጠበበኝ። (አብሯቸው ተነሥቷል። «ይህን አትጻፍ» ብለውኛል።) አናጢው ገብረ ኪዳን ከእንጨት ይሠራዋል፤ አንተ ንድፉን ላክ። ለሰማዩ ሰው ከመጨረስህ በፊት።

ቅጣውን ስለ ኢየሩሳሌሙ ቀኖና ሰጥቼዋለሁ፤ ጉድጓዱን የሚቆፍር እሱ ነው። (ቋጥኝ ነው፣ ጋሼ! አንድ ሳምንት ቆፍሬ እስከ ጉልበቴ ነው የገባሁ፤ የጉልበቴን ልክ ያውቁታል።) ለሕዝቡ መስቀል ይዤ «ኢየሩሳሌም የሚባል የለም፣ ልጁ ዋሽቷችኋል፣ ትእዛዙ የሚሠራው ይህንን ነው» ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ወለተጊዮርጊስ በሶዋን ለነዳያን ሰጠች። ኋላ ሸጌ ተነሥታ «ታዲያ መቀመጫው ቀረ ማለት ነው?» አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በስምህ አርባ ሰው ተለክቷል፣ ልጄ። እኔ አርባ አንደኛ ነኝ። አስብበት።


ሃምቡርግ፣ ሐምሌ 18 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለአባቴ ለመምሬ ገብረ ጻድቅ

መስቀልዎን እሳለማለሁ፣ ጉልበትዎን እስማለሁ፤ ግራውንም ቀኙንም። ደብዳቤዎ ሰኞ ደረሰኝ።

ንድፉ ከዚህ ጋር አለ። ከፍታው ሃምሳ ሳንቲም ነው፤ ካልታጠፈው እግር ጋር አርባ አራት ዝቅ ይልብዎታል። ከፊት በቀኝ በኩል ጎድጎድ አድርጌዋለሁ፤ እግርዎ እንደተዘረጋ በእሱ ያልፋል። በሁለቱም ጎን የሚይዙት የወይራ እጀታ አለው፤ ክብደትዎን በሙሉ ቢጥሉበት ይችላል፣ አስልቼዋለሁ። ጠርዙ እንደ ሸጌ ሙቀጫ ክብ ነው፤ አይጠብም። ገብረ ኪዳን ቁጥሮቹን አንድም ሳይቀንስ ይከተል፤ በስንዝርም አይለካ። የቅጣው ብብት ከእንግዲህ አያስፈልግም። ምርኩዙም ተልኳል፤ እስኪሠራ ድረስ ነው። እባክዎ ውኃ ይጠጡ።

የመሥሪያ ቤቱ ንድፍ ገና አላለቀም። ይህን ሳምንት የእርስዎን ስሠራ ስለዋልኩ ወደኋላ ቀርቻለሁ፤ አለቃዬም ፊቱን አጥቁሮብኛል። የቀረችኝ ጥቂት ቀን ናት። ይቀበሉት አይቀበሉት አላውቅም። የእርስዎ ዛሬ ፖስታ ቤት ይገባል።

ለአርባዎቹ አንድ ንድፍ በሦስት ቁመት አወጣለሁ፤ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ። ከዝቋላ ለመጡት ሽማግሌ ትንሹ ይሆናቸዋል። ለወለተጊዮርጊስ ብቻዋን አራተኛ መሥራት ይኖርብኛል።

ቅጣው፣ ነጩ ጫማህ ከምርኩዙ ጋር ተልኳል፤ ጉድጓድ ውስጥ እንዳታደርገው። ይህችን ደብዳቤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ቁጭ በልና ለሰዉ ሁሉ ጮክ ብለህ አንብብ፤ «ሽንት ቤት» የሚለውንም ሳትውጥ። አንዲት ቃል እንዳትጨምር።

ልጅዎ ትእዛዙ፣ የአውሮፕላን ሽንት ቤት መቀመጫ መሐንዲስ